እንጨትን በዘዴ ማንሳትና መፍለጥ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከንብረት ክፍል የተሰማ ንግግር)



ሊቀመንበራችን በዛሬው ስብሰባ ላይ ስለ ንብረት ክፍሉ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ሲጠይቁን፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ድንኳኑ መቀደድና ስለ ጠፉት ብርጭቆዎች የምንናገር ሳይመስላችሁ አልቀረም። እሱም ተራውን ጠብቆ ይመጣል። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ማገዶ እንጨት ነው። ይኸውም ግንዲላ ወገብ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚነሳ፣ እጅና እግር ሳይቆስል እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚፈለጥ ነው። «ለዚህ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል ወይ? እንጨት መፍለጥ የማያውቅ ማን አለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም እንደዚሁ ስንል ኖረን ነው ነገሩ የደረሰብን።

እኛ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። የሥራ ዘመናችንን የፈጸምነው በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ ነው። ጡረታ ስንወጣ እናንተ አምናችሁ የእቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሰጣችሁን። ስለሆነም የምናቀርበው የሊቅ ትምህርት ሳይሆን፣ ከደረሰብን ነገር የተማርነውን፣ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን የሰማነውንና ራሳችን ሞክረን ያየነውን ብቻ ነው።

ነገሩ የደረሰው በ2014 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ነው። የአንዲት እናታችን ባለቤት አርፈው ድንኳን ተክለን ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሯል። ንፍሮው ይቀቀል፣ ቡናው ይፈላ ሲባል በግምጃ ቤቱ ያለው እንጨት ለግማሽ ቀን የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። ተሯሩጠን ስድስት ግንዲላ ባህር ዛፍ አስመጣን። በዚያው ሳምንት የተቆረጠ እርጥብ ነው። አራት ሽማግሎች ሆነን አንዱን ግንዲላ ወደ ጓሮ ልንወስድ ብድግ ስናደርግ፣ በአንድ ወገን ያሉት ቀደሙ፣ በሌላው ወገን ያሉት ዘገዩ፤ አንድ አባታችን ወገባቸውን ያዛቸውና እዚያው ቁጭ አሉ። እስከ ጥምቀት ድረስ ቀና ብለው አልሄዱም።

በዚህም አላበቃ። ሊያግዙን ከመጡት ወጣቶች አንዱ መጥረቢያ ተቀብሎ መፍለጥ ጀመረ። አምስት ስድስት ጊዜ እንደመታ የመጥረቢያው ራስ ከዛቢያው ወልቆ ተወረወረና፣ ፊት ለፊት ሆኖ ፍልጥ ይሰበስብ በነበረ ልጅ እግር ላይ አረፈ። ልጁ የተጫማው ነጠላ ጫማ ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ሁለት የእግር ጣቶቹን አጣ። የእድራችን አባል እንኳ አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ ሆኖ ለእርዳታ የመጣ ነው።

ጩኸቱን ሰምተው ሐዘንተኛዋ እናት ከተቀመጡበት ፍራሽ ተነስተው «ልጁ ምን ሆነ?» እያሉ ወጡ። ያን ቀን ያፈርነውን ዕፍረት እስከ ዛሬ አንረሳውም። እድር የተቋቋመው ሐዘንተኛ ከፍራሹ እንዳይነሳ ነው አይደለም ወይ? ንፍሮውም ለሰዓቱ አልደረሰም። እርጥቡ እንጨት እየጨሰ፣ ያለቀሰውንም ያላለቀሰውንም እኩል ሲያስለቅስ አመሸ።

«ታዲያ እንጨቱን ለምን አንተውም? መብራት አለ፣ ጋዝ አለ» የሚል ሐሳብ ባለፈው ዓመት ተነስቶ ነበር። የሚቻልበት ቦታ ላይ ቢተው እኛም ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ ትልቁን ጎላ የሚችል ምድጃ የለንም፤ መብራቱም በለቅሶ ቀን ሊጠፋ ይችላል። በእድራችን ላለፉት ዓመታት ለቅሶ ሁሉ የመጣው በእንጨት ነው፤ ለጥቂት ዓመታትም በእንጨት መምጣቱ አይቀርም።

ደግሞም ከተማችንና እንጨት የቆየ ታሪክ አላቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙ ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። ችግሩ ከመክፋቱ የተነሳ አጼ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ፣ መሠረቱ አውስትራልያ የሆነ አንድ ዛፍ ወደ አገራችን ገብቷል። ከባህር ማዶ የመጣ ነውና ባህር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እየተተከለ ሲሄድ የማገዶው ጭንቀት ቀለለ፤ መናገሻውም እዚሁ ቀረ። ለአዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበቤ ነን ብለን እዚህ የተሰበሰብነው ባህር ዛፍ ባደረገልን ውለታ ጭምር ነው ብንል ብዙ አላጋነንም።

ያን ማገዶ ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱልን ደግሞ ሴቶች ናቸው። ከእናቶቻችን መካከል በልጅነታቸው ይህን ሥራ የሠሩ አሉ። አንዷን ጠይቀናቸው ነበር። «ሸክም ከመሬት አይነሳም ልጄ» አሉን፤ ስድሳውን አልፈንም ለእሳቸው ልጅ ነን። «ከፍ ያለ ቦታ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ ጀርባሽን ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ ቀጥ ብለሽ ትነሻለሽ።» ይህች አንዲት ቃል ከዚህ በታች የምንዘረዝረውን ሁሉ ትጠቀልለዋለች ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዘዴው እንግባ።

1ኛ/ እርጥቡን መፍለጥ፣ ደረቁን ማንደድ።

እኛ ስንሠራ የኖርነው የዚህን ተቃራኒ ነው። እርጥቡን አምጥተን እናነዳለን፤ የተረፈውን ግንዲላ ጥግ ላይ ጥለነው ከደረቀ በኋላ ልንፈልጠው እንታገላለን። ባህር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ሲደርቅ ግን እንደ አጥንት ይጠነክራል፣ ጭረቱም የተጠማዘዘ ስለሆነ መጥረቢያውን ነክሶ ይይዛል። እርጥብ እንጨት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ክብደት ውሃ ነው። እሳት ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ድስቱን ማፍላቱን ትቶ በመጀመሪያ ያንን ውሃ ለማትነን ይውላል። ጭሱ የሚበዛው በዚህ ነው፤ በጎላው ዙሪያ የሚቆሙት እናቶቻችን ዓይንና ደረት የሚጎዳውም በዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት፣ እንጨት ይገዛ፤ በሳምንቱ ተፈልጦ ይለቅ። ፍልጡ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በአጣና ላይ ይደርደር፤ ከላይ ቆርቆሮ ይልበስ፤ ጎን ለጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ይሁን። ዙሪያውን በላስቲክ መሸፈን እርጥበቱን ማፈን ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በጋውን ሙሉ ንፋስ ያገኘ ፍልጥ ለክረምቱ ለቅሶ ይደርሳል። መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ አጋጩ። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድብ ይላል። የደረቀው ጫፉም ይሰነጣጠቃል።

2ኛ/ ከማንሳት በፊት ማሳጠር።

እዚህ ላይ የመዝገብ ቤት ሰው ነንና ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እርጥብ ባህር ዛፍ የውሃን ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1,000 ኪሎ ይጠጋል ማለት ነው። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ግንዲላ 140 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እኛ ያን ቀን ለአራት ብድግ ያደረግነው ይህንን ነው፤ የአራት ሽማግሌ ወገብ ለዚህ አልተፈጠረም። ያው ግንዲላ በተኛበት በግማሽ በግማሽ ሜትር አራት ቦታ ቢቆረጥ እያንዳንዱ ጉማጅ 35 ኪሎ ነው። ጉማጁ እዚያው ለአራት ቢፈለጥ አንዱ ፍልጥ 9 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ይህን ልጅም ያነሳዋል። እንጨቱ ያው እንጨት፣ ክብደቱም ያው ክብደት ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ተሸክሞ በኋላ መቁረጥን ትተን፣ መጀመሪያ ቆርጠን በኋላ እንሸከም።

እንዲያውም ከሁሉ የሚቀለው እንጨት ሻጩ ግቢ የሞተር መጋዝ ካለ እዚያው በግማሽ ሜትር አስቆርጦ ማምጣት ነው። ጥቂት ገንዘብ ይጨምራል። የአንድ ወገብ ማሳከሚያ ግን ከዚያ ይበልጣል።

3ኛ/ ማንሳት ግድ ሲሆን።

ግንዲላን የሚያንከባልል እንጂ የሚሸከም ብልህ አይደለም። ረጅም አጣና ወይም ዲጂኖ ከሥሩ አስገብቶ፣ አጠገቡ ድንጋይ አስደግፎ ወደታች መጫን ነው፤ አንድ ሰው የሦስቱን ሥራ ይሠራል። ሩቅ የሚሄድ ከሆነ ከሥሩ ሦስት አራት ድቡልቡል እንጨት አጋድሞ መግፋት፣ ከኋላ የተለቀቀውን እያነሱ ወደ ፊት ማድረግ ነው።

መኪና ላይ ለመጫን ደግሞ ሁለት ጠንካራ አጣና ከመሬት ወደ መኪናው አስደግፉ። ሁለት ገመድ ውሰዱና የእያንዳንዱን አንድ ጫፍ መኪናው ላይ እሰሩ። ገመዱን በግንዲላው ሥር አሳልፋችሁ፣ በላዩ አዙራችሁ፣ ሌላውን ጫፍ መኪናው ላይ ለቆሙት ስጡ። ሲስቡት ግንዲላው በአጣናዎቹ ላይ እየተንከባለለ ይወጣል። የሚፈጀው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል፤ ግማሹን የታሰረው ጫፍ ይዞልናልና። ብቻ ከበታቹ ማንም እንዳይቆም። ገመድ ይበጠሳል።

በእጅ ሲነሳ ጉልበት ይታጠፍ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል፣ ሸክሙ ወደ ሰውነት ይጠጋ። ይዞ መዞር ሲያስፈልግ እግር ይዙር እንጂ ወገብ አይጠምዘዝ። ብዙ ሆነን ስናነሳ ደግሞ አዛዡ አንድ ሰው ይሁን። ይህን እኛ ሳናውቀው ቀርተን አይደለም። የወዳጃችንን አስከሬን ከቤት ስናወጣ አንዱ «በሉ» ይላል፣ ሁላችንም በአንድ ትንፋሽ እናነሳለን፤ እርምጃችንም አንድ ይሆናል። ለግንዲላ ሲሆን ግን ሁሉም አዛዥ ነው። ያን ቀን አባታችን ወገባቸው የተያዘው «በሉ» የሚል አንድ ሰው በማጣታችን ነው።

4ኛ/ መቁረጥ።

መሬት ላይ የተኛ ግንዲላ ሲቆረጥ መጋዙ አፈርና ጠጠር ይነካል፤ ወዲያው ይደንዛል። ስለዚህ ሁለት ጉማጅ ከሥሩ ይግባለት። የሚቆረጠው ጫፍ ከድጋፉ ውጭ ተርፎ ይንጠልጠል። ያን ጊዜ ቁራጩ ወደታች እየከፈተ ይወድቃል፣ መጋዙም አይያዝም። በሁለቱ ድጋፎች መካከል ከተቆረጠ ግን ግንዲላው ወደ መሀል ስለሚረግብ መጋዙን ነክሶ ያስቀረዋል። ግድ ከሆነ ሲሶውን ከላይ ቆርጦ የቀረውን ከሥር ወደ ላይ መጨረስ ነው። በሁለት ሰው መጋዝ ሲሠራ እያንዳንዱ ወደራሱ ይሳብ እንጂ ወደ ጓደኛው አይግፋ። በመጋዙ ጎንና ጎን ትንሽ ደረቅ ሳሙና ቢነካ ሥራው ይቀላል።

5ኛ/ መፍለጥ።

ጉማጁ በአፈር ላይ ሳይሆን ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ባለ ወፍራም ጉቶ ላይ ይቁም። ፈላጩ ቢስት መጥረቢያው ጉቶውን ይመታል እንጂ ቅልጥሙን አያገኘውም። በጉቶው ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ ቢቀመጥና ጉማጁ ጎማው ውስጥ ቢቆም ፍልጡ ወዲያና ወዲህ አይበተንም፤ በየምቱ እየጎነበሱ መልቀምም ይቀራል። ይህን አንድ የጎማ ጠጋኝ ጎረቤታችን ነው ያሳየን፤ ጎማውንም በነጻ ሰጠን።

መጀመሪያ እንጨቱን ማየት ነው። ጫፉ ላይ ስንጥቅ ካለ ምቱ እዚያ ላይ ይሁን። ጉጥ ያለበት ወገን ወደታች ይዙር። በጣም ወፍራም ከሆነ ከመሀል አትጀምሩ፤ እንደ ድፎ ዳቦ ከዳር ከዳር ቁረሱት። እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩበት፤ ሽብልቅ አምጡ። የብረት ሽብልቅ ስንጥቁ ላይ አቁሞ በትልቅ መዶሻ መምታት ነው፤ አንዱ ሲቀበር ሁለተኛውን ከፊቱ ማስከተል ነው። የመጥረቢያን ጀርባ በሌላ መጥረቢያ መምታት ግን ክልክል ነው፤ ብረቱ ተሰባብሮ ዓይን ያጠፋል። የሽብልቁም ራስ በመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ ሲገለበጥ በሞረድ ይስተካከል።

በሚፈለጥበት ጊዜ ማንም ሰው በፈላጩ ፊትም ሆነ ኋላ አይቁም። ፍልጥ የሚሰበስብ ሰው መጥረቢያው መሬት ላይ ከተቀመጠ በኋላ ይግባ። ነጠላ ጫማ ያደረገም አይጠጋ።

6ኛ/ መሣሪያው።

እዚህ ላይ ልንናገረው የሚከብደን ነገር አለ፤ ግን ሳንናገር ብንቀር ይህ ንግግር ዋጋ የለውም። ያ መጥረቢያ የእድራችን ንብረት ነው። ራሱ መላላቱን እናውቅ ነበር። ማታውኑ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክረን አሳደርነውና ጠዋት ሲጠብቅ «ደህና ሆነ» አልን። ውሃ የጠጣ ዛቢያ ለአንድ ቀን ያብጣል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል። ከአደጋው በኋላ የንብረት መዝገባችንን አውጥተን አየነው። «መጥረቢያ፣ ብዛት 2፣ ሁኔታ ደህና» ይላል። የሦስት ዓመት ቆጠራ ነው፤ ሦስቱም በእኛው እጅ ጽሑፍ። ሦስቱንም ዓመት መጥረቢያዎቹን በዓይናችን ቆጠርናቸው እንጂ በእጃችን ይዘን አላወዛወዝናቸውም። «ደህና» የሚለውን ቃል ካለፈው ዓመት ገጽ ነው የገለበጥነው። የልጁ ሁለት ጣት የሄደው በዚያች ቃል ነው። ልጁንና ቤተሰቡን በዚያው ሰሞን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬ ደግሞ እናንተን በጉባኤ ፊት እንጠይቃለን።

የላላ መጥረቢያ ዛቢያው ወጥቶ በአዲስ የወይራ ዛቢያ ይተካ፤ ጫፉ ላይም ትንሽ ሽብልቅ ተመትቶ ይጥበቅ። ስለቱም ይሳል፤ ደነዝ መጥረቢያ ይንሸራተታል፣ ከስለታሙ ይልቅ አደገኛው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ሳንሞክር አላቀረብንም። ባለፈው ኅዳር ስድስት ግንዲላ በግማሽ ሜትር አስቆርጠን አስመጣን። ሁለት ሽማግሌ ሆነን፣ ሽብልቅ ተውሰን፣ ጎማውን ይዘን፣ እያረፍን በሦስት ቀን ፈልጠን ደረደርነው። አንዳችንም አልታመምንም። በሰኔ በደረሰብን ለቅሶ ያንን እንጨት አነደድን፤ ንፍሮው በሰዓቱ ደረሰ፤ እናቶቻችንም «ዛሬ ጭሱ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ።

እንግዲህ ጉባኤው እንዲወስንልን የምንጠይቀው ይህንን ነው። እንደምታውቁት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የድሮው የልደታ ሠፈር ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ አባሎቻችን ተበታትነዋል። ወርሃዊ መዋጮውን ከሩቅ ሠፈር መጥተው የሚከፍሉ ብዙ ናቸው፤ ለቅሶ ሲሆን ግን ቀድመው የሚደርሱት እዚሁ የቀረነው ሽማግሎች ነን። ክንድ አንሷል፤ ዘዴ መጨመር አለበት። ስለሆነም፦ ሁለት የብረት ሽብልቅ፣ አንድ ትልቅ መዶሻ፣ አንድ የሁለት ሰው መጋዝና ጠንካራ ገመድ ይገዛልን። የዓመቱ እንጨት በየጥቅምቱ ይገዛ፤ የሚፈለጥበትም አንድ ቅዳሜ ተወስኖ ወጣቶቻችን ይጠሩ። የንብረት ቆጠራ ሲደረግ ከእኛ ጋር ሁለት አባላት ይመደቡ፤ መሣሪያው ሁሉ በእጅ ተይዞ ሳይፈተሽ «ደህና» ተብሎ አይጻፍ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ነው እድርን ያወረሱን። ሎሚው እንዲህ ከሆነ ግንዲላው እንዴት ይሆን? ተካፍለን እናንሳ፣ አሳጥረን እንቁረጥ፣ እርጥቡን እንፍለጥ፣ ደረቁን እናንድድ። ሐዘንተኛም ከፍራሹ አይነሳብን።

በጣቱ ለተጎዳው ልጃችንና ለቤተሰቡ ያለንን አክብሮት በድጋሚ እንገልጻለን። ፈጣሪ ለከርሞው ስብሰባ በሰላም ያድርሰን።